ለተሾመ፦ ስለ ጀልባውና ስለ ዘገየው መርዶ

ተሼ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። «እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ እጄ ለምዶ ነው። ድሬዳዋ ሳለን ከባቡሩ ጋር ጅቡቲ ወርደህ ስትሰነብት በዚያ እጀምርልህ ነበር። ያኔ ፊደል ከለየሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ ብቻዬን ነበር የተማርኩት፤ ሦስት መስመር ለመጻፍ ከሰዓት በኋላው ሙሉ ይፈጅብኝ ነበር። አንተ ስትመለስ ደብዳቤዬን ከኪስህ ታወጣና፣ «ይቺን የጻፈች ሴት ምን ትመስላለች? እስቲ አስተዋውቂኝ» እያልክ ታስቀኝ ነበር።

አሁን እጄ ፈጥኗል። ይህን ደብዳቤ ግን ስጽፈው ስተወው፣ ስጽፈው ስተወው አንድ ሳምንት አልፎኛል። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ሲገባኝ ያልነገርኩህ ነገር አለ። እስክደርስበት ታገሠኝ። መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ።

እዚህ በሰው አገር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። አንተ የቀባኸው የኋላ በር ቀለሙ ተላልጧል፤ ልጃችን ማርታ እናስቀባው ብትለኝ እምቢ አልኳት። ጣቢያው ላይ ትኬት የሚሸጡት ሰውዬ የሉም፤ በቦታቸው ማሽን ቆሟል። ሳንቲም ይጎርሳል፣ ትኬት ይተፋል። አንተ ብትኖር በየጠዋቱ ከማሽኑ ጋር ትከራከር ነበር። ባቡር በጓሯችን በኩል ባለፈ ቁጥር ሰዓትህን እያወጣህ «ሁለት ደቂቃ አሳልፏል» የምትለው ነገር ደግሞ ወደ እኔ ተጋብቷል። እቃ እያጠብኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ይሄስ ዛሬ ዘገየ» እላለሁ።

ማርታ ነርስ ሆነች። ሺፍት ስለሚቀያየርባት አንዳንድ ሳምንት የምንገናኘው በወጥ ቤቱ በር ላይ ነው፤ እሷ ስትገባ እኔ ስወጣ። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እንግባባለን። እትዬ ዘይነባም ደህና ናቸው። ያኔ እዚህ አገር ከአውሮፕላን ወርደን ፊትዝሮይ ሰፈር ያለው ፎቅ ስንገባ የመጀመሪያውን ሳምንት ምግብ እያመላለሱ ያኖሩን ጎረቤታችን አሁንም እዚያው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። እሁድ እሁድ በባቡር ይመጡና ስለ ወሎ ማር እያወሩ የሱፐርማርኬቱን ማር ሲያሙ ይውላሉ።

አሁን ወደ ጀልባው ልምጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከፈረንሳይ ተመለስኩ። አዎ፣ እኔ። ከፈረንሳይ ገጠር፣ በጀልባ ላይ ተኝቼ፣ በጀልባ ላይ ወጥ ሠርቼ።

ታሪኩን ከሥሩ የምታውቀው አንተ ነህ። በተጋባን ሰሞን የባቡር ጥገናው አለቃህ የነበሩት ፈረንሳዊው ሙሴ ሉሲየን የነገሩህን ይዘህ መጣህ። አባታቸው በፈረንሳይ ገጠር የውሃ በር ጠባቂ ነበሩ። በዚያ አገር ከወንዝ ወደ ወንዝ የሚወስድ የተቆፈረ የውሃ መንገድ አለ፤ ኮረብታ ሲገጥመው ጀልባው ደረጃ በደረጃ ይወጣል አልከኝ። «ጀልባ ደረጃ ይወጣል?» ብዬ ሳቅኩብህ። ጠመኔ አነሣህና በግቢው በር ላይ ሣልክልኝ። ጀልባዋ ግንብ ውስጥ ትገባለች፤ ከኋላዋ በሩ ይዘጋል፤ ከፊቷ ውሃ ይለቀቃል፤ ውሃው ከፍ ሲል እሷም ከፍ ትላለች፤ ከዚያ የፊቱ በር ተከፍቶ መንገዷን ትቀጥላለች። ኤክሉዝ ይባላል አልከኝ። «አንድ ቀን ይዤሽ እሄዳለሁ፤ አንቺ ገመድ ትይዣለሽ፣ እኔ እነዳለሁ።» እሺ አልኩህ። በልቤ ግን ውሃ ላይ የሚወጣ እግር የለኝም ነበር። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የጎረቤታችንን ፍየሎች ጠራርጎ ሲወስድ በልጅነቴ ካየሁ ወዲህ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። አንተም ታውቀው ነበር። ሴንት ኪልዳ ባሕር ዳር በሄድን ቁጥር እኔ ጫማ ጠባቂ ነበርኩ።

እንግዲህ ያችን የመጨረሻ ዓመትህን አስታውስ። በየካቲት ልብህ ታመመና ሆስፒታል ገባህ። በተኛህ በአሥረኛው ቀን ቤት ስልክ ተደወለ፤ ከድሬዳዋ የእህትህ ባል ነበር። የነገረኝን ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ። ጋሼ መኮንንን ጠራሁ፤ እትዬ ዘይነባም መጡ። ጋሼ መኮንን የዕድራችን ሰብሳቢ በመሆናቸው እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። ሐኪሙ ሦስት ወር ድንጋጤ እንዳይነካው ብሎ ነበርና፣ «ልቡ ይጥና። እኛው በሥርዓቱ እንነግረዋለን። አንቺ ፊትሽን ጠብቂ» አሉኝ። ፊቴን ጠበቅኩ። ሆስፒታል ስመጣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ዓይኔን በውሃ እያራስኩ እገባ ነበር። አንተም «ጉንፋን ይዞሻል፤ ለኔ ብለሽ አትልፊ» ትለኝ ነበር።

ቤት ከገባህ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ያ ካሴት መጣ። እናትህ መጻፍ ስለማይችሉ ድምፃቸውን በካሴት ይልኩልህ ነበር። መንገደኛው ከድሬዳዋ ቀድሞ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲጉላላ የቆየ ሰው ነው፤ ምንም አልሰማም። እሁድ ቀን መጥቶ ካሴቱን በእጅህ አስቀመጠልህ። እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ማጫወቻው ውስጥ ከትተኸው ነበር። ድምፃቸው ሳሎኑን ሞላው። መረቁህ፤ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ አደረሱ፤ ዶሮዎቻቸውን አንድ በአንድ ከሰሱ። መጨረሻ ላይ፣ «ልጄ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ሳይጠፋ ቶሎ ና» አሉህ። አንተ ዞር ብለህ አየኸኝና፣ «ሰማሽ? እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» አልከኝ። እኔም፣ «ድምፃቸው ጠንክሯል» አልኩህ።

ተሼ፣ ከስልኩ በኋላ ነው ይህን ያልኩህ። ካሴቱ የተቀዳው ከስልኩ በፊት ነበር። አሁን ገብቶሃል። ግን መርዶ እንዲህ በወሬ መሐል ተጥሎ አይታለፍም፤ በሥርዓቱ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ራሴን ልናገር።

በማግሥቱ ትኬት ቡክ ላደርግ ነው ብለህ ተነሣህ። ከስድስት ሳምንት በኋላ መብረር ትችላለህ ብሎ ሐኪሙ ፈቅዶልህ ነበር። የዓመት ፈቃድህ ለአንድ ጉዞ ብቻ ይበቃል፤ በግንቦት ወደ እናትህ። እኔ የታየኝ ድሬዳዋ ጣቢያ ወርደህ፣ ቤቱ በር ላይ ቆመህ፣ ብቻህን ስትሰማው ነው። ወደ መስከረም የሚገፋህ ነገር ፈለግኩ። ያገኘሁት ጀልባውን ነው። «ጡረታ ስወጣ፣ ጡረታ ስወጣ እያልክ ሃያ ዓመት ሞላህ። ታመህ አየሁህ። ጀልባውን አሁን ካላሳየኸኝ አታሳየኝም» አልኩህ። ማልቀሴ እውነት ነበር፤ የሚያስለቅሰኝ ሌላ ስለነበረ እንባ አላጣሁም።

ውሃ እንደምፈራ ታውቅ ነበር። ግን ዋሽቼህ ስለማላውቅ አመንከኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ብትጠረጥረኝ ኖሮ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል?» ብለህ ብትይዘኝ ኖሮ፣ እነግርህ ነበር። አንተ ግን ቀስ ብለህ፣ «እንዲህ ነሽ ብዬ አላውቅም ነበር» አልከኝ። ከሳምንት በኋላ ከሥራ ስትመለስ ለመስከረም የተያዘውን የጀልባ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርክ። «ይኸው ጀልባሽ።» አልተቆጣህም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባቡር ሲያልፍ ሰዓትህን አታወጣም ነበር።

ሦስቱ ወር ሞላ። ጋሼ መኮንን ቀን ቆረጡ፤ እሁድ ማለዳ ሊመጡ። «ቅዳሜ ማታ እራቱን በደንብ አብዪው» አሉኝ፤ መርዶ የሚሰማ ሰው ባዶ ሆዱን እንዳያድር። የሚመጡትን ሰዎች ተነጋገርን። ካቶን ሙሉ ለስላሳ ገዝቼ አልጋ ሥር ደበቅኩ። አንተ ሐሙስ ሄድክ። ለእናትህ የተዘጋጁት ሰዎች በዚያው እሁድ ላንተ ተሰበሰቡ። ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሁለታችሁን ልቅሶ ባንድ ላይ ሲያለቅስ እኔ የምሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እንዲህ ነሽ ብዬ አላውቅም ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ማርታ የአያቷን ሞት ያን ቀን ሰማች። የጀልባውን ነገር ግን አላወቀችም። እንዲያውም ያን ሰሞን ክፍሏ ውስጥ ሆና ስለምንህ በግድግዳው በኩል ሰምታኝ ኖሮ፣ እናቴ የፈለገችው ያመለጣት ትልቅ ነገር ይህ ነው ብላ በልቧ ይዛዋለች። ዘንድሮ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «አባዬ ያሰበልሽ ጀልባ። ሁለታችን፣ በመስከረም። ደስ አይልሽም?» ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታይ። እምቢ ለማለት ያንን ሁሉ መናገር ነበረብኝ። ደስ ይለኛል አልኳት። ይኸውልህ፣ አንድ ውሸት ሌላውን እንዴት ጎትቶ እንደሚያመጣው።

ለእትዬ ዘይነባ ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አንቺ! የእኛን ሊፍት ፈርተሽ አሥራ አራት ፎቅ በእግርሽ የወጣሽ ሴት ውሃ ላይ ልታድሪ? ዓሣ ልትሆኚ አማረሽ?» ከዚያ ሳቃቸውን ቆርጠው ትክ ብለው አዩኝ። «ለሷ ብለሽ ነው» አሉኝ። «ሂጂ በቃ። ዱዓ አደርጋለሁ። ግን ጠርዝ ላይ አትቁሚ።»

ከጀልባ አከራዮቹ ዘንድ የመመሪያ መጽሐፍ መጣ፤ አርባ ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። ማርታ ከፍታም አላየችው። እኔ መዝገበ ቃላቴን ከጎኔ አድርጌ በስድስት ሳምንት ጨረስኩት። ፍርሃቴን የማስታግሰው በማንበብ እንደሆነ ታውቃለህ። የትኛው ገመድ የት እንደሚታሰር፣ ውሃ በር ውስጥ ስትወጣና ስትወርድ ምን እንደሚደረግ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ መጀመሪያ ሞተሩ እንደሚጠፋ ሁሉ በደብተሬ ጻፍኩ። የመጨረሻዋን ሁለቴ ጻፍኳት።

ከፓሪስ በባቡር ወርደን ዮን በሚሉት ወንዝ ዳር ወዳለች ትንሽ ከተማ ደረስን። ባቡሩ አንዲት ደቂቃ አላሳለፈም፤ ላንተ ብዬ ሰዓት አይቻለሁ። ጀልባው ያሰብኩትን አይመስልም። ቤት ነው፤ ሁለት መኝታ፣ ምድጃ፣ መስኮቱ መጋረጃ ያለው፤ ግን ወለሉ ከእግርህ ሥር ይተነፍሳል። መንጃ ፈቃድ የጠየቀን የለም። አንድ ረጅም ሰውዬ ሃያ ደቂቃ እየተጣደፈ አሳየን፤ ግማሹን በፈረንሳይኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። ማርታ አዎ አዎ ትላለች፤ አልገባትም። «የቱን ገመድ ነው መጀመሪያ የምንፈታው?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «የፊቱን» አልኳት። ሰውዬው ሳቀና፣ «ካፒቴኗ እሳቸው ናቸው» አለ። ብርቱካንማውን የደረት መንሳፈፊያ ጥብቅ አድርጌ ለበስኩ። ገመዱን ፈታሁ።

ተሼ፣ ያ ነገር እንዴት እንደሚነዳ ብታይ። መሪውን ታዞራለህ፣ ምንም አይሆንም። ይበልጥ ታዞራለህ፣ ምንም። ከዚያ ድንገት የሰማህ ይመስል ይዞራል፣ መዞሩን አያቆምም። መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ጥቂት አዙረው ጠብቅ ይላል። «ጠብቂ፣ ማርታ» እላታለሁ፣ እሷ አትጠብቅም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቄጠማ ውስጥ ገባን። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ መቃውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ እኛ ስንሰነቀር፣ እንደገና ስንወጣ፣ በሌላ በኩል ስንሰነቀር በትዕግሥት ተመለከተ። ረጅሙ ሰውዬ ከዳር ሆኖ «ዱስማን! ዱስማን!» እያለ ጮኸ።

ይህን ቃል ካንተ በቀር ካፉ የሰማሁት ሰው አልነበረም። ከባቡሩ ሠራተኞች የተማርከው፣ ቀስ በይ ስትለኝ የምትለኝ። ወጥ ሳማስል፣ ጣቢያ ለመድረስ ስሮጥ፣ ፊደል ስጽፍ ብዕሩን ጨብጬ ወረቀቱን ስቀድ። የጀልባው የኋላ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ማርታ የፈራሁ መስሏት፣ «ማሚ፣ ደህና ነሽ? እንመለስ?» አለችኝ። አንመለስም አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ቀስ አለች። ጀልባው የሚሄደው ሰው በእግሩ በሚሄድበት ልክ ነው። በዳር በኩል አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ከእኛ ጋር እኩል ትራመድ ነበር፤ መንደሩ እስኪያልቅ አልቀደምናትም። ዛፎቹ በሁለቱም በኩል ተሰልፈዋል፤ ላሞች ውሃው ድረስ ወርደው ይጠጣሉ። ሞተሩ ሲያጉረመርም ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ደስ የሚል አገር ነው። ደስ ባለኝ ቁጥር ደግሞ እዚያች ወንበር ላይ፣ መሪው አጠገብ፣ አንተ ትታየኝ ነበር፤ ሰዓትህን በእጅህ ይዘህ፣ ዝም ብለህ፤ ደስታዬም እዚያው ላይ ይቆም ነበር።

የመጀመሪያው የውሃ በር ላይ ከሰዓት በኋላ ደረስን። በእኔ ዕድሜ ያለች ሽርጥ የታጠቀች ሴት ናት ጠባቂዋ። «ቦንዡር» አልኳት፤ ፊቷ ፈካ። ገባን። ከኋላችን በሩ ተዘጋ። በሁለቱም ወገን ግንቡ ከራሳችን በላይ ቆሞ፣ አረንጓዴ አረም ለብሶ፣ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ስትወጣ ገመዱን አታስርም ይላል መጽሐፉ፤ ከላይ ባለው የብረት ጉቶ ላይ ዞር አድርገህ ጫፉን በእጅህ ትይዛለህ፣ ውሃው ሲያነሣህ የላላውን ትስባለህ። ያዝኩ። ሴትዮዋ እጀታውን አዞረች። ውሃው ከፊታችን እየፈላ ገባ፤ ጀልባው ተንገዳገደ፤ አንድ ጊዜ ጮኼያለሁ፣ አልደብቅህም። ከዚያ ግን በቀስታ ተነሣን። አረሙ ወደ ታች ሄደ። የግንቡ ጫፍ እስከ ደረቴ፣ እስከ ወገቤ ወረደ። መጀመሪያ የጠባቂዋ ቤት ጣሪያ ታየኝ፣ ቀጥሎ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ጓሮዋ ውስጥ የተደረደረው ጎመን። ልክ በጠመኔ እንደሣልከው ነበር። ሳቅኩብህ ነበርና ይቅርታ ልልህ ፈለግኩ፤ ከዚያ ይቅርታ ልልህ የሚገባኝ በዚህ እንዳልሆነ ትዝ አለኝና ገመዱን እንደያዝኩ እንባዬ ወረደ።

ከበሩ አልፈን ጥቂት እንደሄድን ዳር ያዝን። ሁለት የብረት ካስማ በመዶሻ ሣር ውስጥ መታሁና ጀልባውን አሠርኩ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ማርታ ከመንደሩ ዳቦ ገዝታ መጣች፤ እኔ በሻንጣ ካመጣሁት ሽሮ ሠራሁ። ቁጭ ብለን ስንበላ፣ «ደስ አለሽ አይደል? አባዬ ቢያይሽ» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ነገርኳት። ስልኩን፣ ካሴቱን፣ ልመናዬን፣ «ይኸው ጀልባሽ» ያልከኝን፣ ሁሉንም።

አፏን ከፍታ አየችኝ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የተናገረችው፣ «ቆይ፣ ጀልባ ትጠያለሽ ማለት ነው?» የሚል ነበር። አዎ አልኳት። «ታዲያ እኔ ለምን አመጣሁሽ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ብዙ ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ የጠበቅኩትን ጠየቅኳት፤ አባትሽ ምናልባት ጠርጥሮ ይሆን? ነገሩ ገብቶት፣ ለእኔ ብሎ ዝም ብሎ ይሆን? በነዚህ ዓመታት የተደገፍኩት በዚህች ሐሳብ ላይ ነበር።

ልጅህ አትዋሽም፤ አንተን ነው የወጣችው። ልታጽናናኝ ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። በዚያው በሄድክበት ሳምንት ፉትስክሬይ መነጽር ቤት ወስደሃት ኖሯል። ለእናትህ የማንበቢያ ሳይሆን የሩቅ ማያ መነጽር ፍሬሙን እንድትመርጥልህ። «እማማ ቀይ ትወዳለች» ብለህ ቀዩን አስያዝክ። ለእኔ እንዳትነግር አስጠንቅቀሃት ነበር፤ «እናትሽ ስለ ድሬዳዋ መስማት አትፈልግም» ብለህ። መነጽሩ እስካሁን እሷ መሳቢያ ውስጥ አለ። «አልጠረጠረም፣ ማሚ፤ አዝኖብሽ ነበር» አለችኝ። በአማርኛ ነው የነገረችኝ፤ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አላስገባችም።

እና በቃ፤ የተደገፍኩባት ነገር ሄደች። አንተ እናቴ አለች ብለህ፣ ሚስቴ ከእሷ ይልቅ ሽርሽሯን መረጠች ብለህ ሄድክ። ይህን የሚለውጥ ነገር የለም። ማርታ ግን እጄን ይዛ፣ «አልነገርሽውም እንጂ አሁንም እኮ ልትነግሪው ትችያለሽ» አለችኝ። እንዴት አድርጌ? «እኔ ምን አውቃለሁ! የምትጽፊው አንቺ ነሽ።» የቀሩትን ስድስት ቀናት በወንዙ ላይ ሄድን፤ አሥራ ዘጠኝ የውሃ በር ወጣን። እያንዳንዱ ላይ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። መፍራቴ አልተወኝም። ይህን ደብዳቤ ግን በልቤ የጀመርኩት እዚያ ነው።

እንደተመለስኩ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ወደ ጋሼ መኮንን ሄድኩና የተሾመ መርዶ ሳይነገር ቀርቷልና እንንገረው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አልማዝ፣ ለሞተ ሰው መርዶ ተነግሮ ያውቃል?» እትዬ ዘይነባ ቀድመውኝ ተቆጡ፤ «ታዲያ ለእሱ የማይነገር ለማን ሊነገር ነው? ያኔ ይቆይ ያልነው ሁላችንም አይደለን? እሷ ብቻዋን ተሸክማ ስትዞር እያየን!» ጋሼ መኮንን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እውነት ነው፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ» አሉና ቀን ቆረጡ።

ይኸው ዛሬ ነው። ገና ጎሕ አልቀደደም። የመጀመሪያው ባቡር አላለፈም። ያኔ ሊመጡልህ የነበሩት ሰዎች መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ማርታ ከሺፍቷ ቀጥታ መጥታ ከነዩኒፎርሟ ከእነሱ ጋር ናት። እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ይህን እጨርሳለሁ፤ ጋሼ መኮንን ወስደው በሁሉም ፊት ያነቡታል። ስለዚህ አሁን ቁጭ በል፣ ተሼ። ብቻህን አይደለህም።

እናትህ እማማ አሰለፈች አርፈዋል። አንተ ሆስፒታል በተኛህ በአሥረኛው ቀን፣ በገዛ ቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ። ብዙ አልታመሙም፤ ሁለት ቀን ብቻ ነው። እህትህ እጃቸውን ይዛ ነበር። ያንተን መታመም አልሰሙም፤ እዚያም ያሉት እንደ እኛው ደብቀዋቸዋል። የመጨረሻ ያወሩት ስላንተ ነው፤ ልጄ ሲመጣ የግቢው በር እንዳይቆለፍ ብለው። የተቀበሩት ከአባትህ አጠገብ ነው። ብትሄድ አታገኛቸውም ነበር። እኔ ከእሳቸው አልከለከልኩህም፤ ከባዶው ቤት ነበር የከለከልኩህ። ጀልባውን ለራሴ ብዬ አንድ ቀን አልተመኘሁም።

ልነግርህ ይገባ ነበር። ልብህ ይችለው እንደሆነ፣ አይችለው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እናትህ የአንተ ነበሩ፤ ኀዘናቸውም የአንተ ነበር። እኔ ወሰድኩብህ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ የምትመልስበት መንገድ የለህምና አላስጨንቅህም። የምሰጥህ ቃል ይህ ነው፦ ከእንግዲህ ስማችሁን ለያይቼ አልጠራም። በየዓመቱ ስናስባችሁ የእሳቸው ቀድሞ ያንተ ይከተላል። አንተንም ከሞትህ ቀን በኋላ እንደምናወራልህ ደግ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ በእኔ አዝነህ እንደሄድክ ጭምር አስታውስሃለሁ። ያንን ቀንሼ አላስታውስህም።

ጋሼ መኮንን በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ሰዎቹ ተነሥተዋል። ወረቀቱን ልስጣቸው፤ ልናለቅስላችሁ ነው።

አልማዝ